የአውሮፕላን ክንፍ ተንቀሳቃሽ ክፍሎች እንዴት ይስተካከላሉ?

እንደሚታወቀው አውሮፕላን መሥራት ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ ሥራ አይደለም። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሠራት «ፀሐይ» በጣልያን ወረራ ጊዜ ተወስዳ ወደ አገሯ የተመለሰችው በ2016 ዓ.ም. ነው። የኅብረተሰብ ጤና የተማረው አስመላሽ ዘፈሩም በ2007 ዓ.ም. ኬ-570ኤ የተባለች ትንሽ አውሮፕላን በገዛ እጁ ሠርቷል። በሌላው ዓለም ደግሞ ተዘጋጅተው የሚሸጡ ክፍሎችን ገዝቶ አውሮፕላኑን በቤቱ የሚገጣጥም ሰው ብዙ ነው። ከዚህ ሥራ ውስጥ ሕይወት የሚያስከፍለውን አንዱን ክፍል ከዚህ ቀጥለን እንመለከታለን።

በክንፍ የኋላ ጠርዝ ላይ ሁለት ዓይነት ተንቀሳቃሽ ክፍሎች አሉ። ወደ ክንፉ ጫፍ ያለው አይለሮን ይባላል፤ የአንዱ ክንፍ ሲነሣ የሌላው ዝቅ እያለ አውሮፕላኑን ያጋድላል። ወደ አካሉ የቀረበው ፍላፕ ነው፤ በሁለቱም ክንፎች ባንድነት ዝቅ እያለ በዝግታ ለማረፍ ይረዳል። አንዱ ፍላፕ ከሌላው ዝቅ ብሎ ከተገጠመ ያ ክንፍ ይነሣል፤ አብራሪውም መንገዱን ሁሉ ከመሪው ጋር ሲታገል ይደክማል።

አሠራሩ የሚከተለው ነው፤

ሀ) ክንፉ እንዳይጠመዘዝ በማቆሚያ ላይ ታስሮ በውሃ ልክ ይስተካከላል።

ለ) የክንፉ የጎን ቅርጽ ከፕላኑ ተወስዶ በጣውላ ይቆረጣል። አይለሮኑ ከዚህ ቅርጽ ጋር ሲገጥም መካከለኛ ቦታውን ያዘ ማለት ነው፤ እዚያው ይታሰራል።

ሐ) መሪው ዘንግ መሐል ላይ ይታሰርና የሚያገናኟቸው ዘንጎች ርዝመት ይስተካከላል።

መ) ፍላፑ፣ በመጨረሻም የክንፉ ጫፍ፣ ከአይለሮኑ ጋር ይሰለፋሉ።

ሠ) አይለሮኑ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድበት ማዕዘን ተለክቶ ከአምራቹ መመሪያ ጋር ይመሳከራል።

እኛ የሕክምና ተማሪዎች የታመመውን ጉልበት የምንመዝነው ከጤነኛው ጋር አስተያይተን ነው። እዚህ ግን ሁለቱም ክንፎች እኩል ሊሳሳቱ ስለሚችሉ ዳኛው ፕላኑ እንጂ ሌላው ክንፍ አይደለም።

ሙቀትም ይታሰብበታል። በኩዌት በጋ ሳልሚያ ወይም ጃብሪያ ውስጥ ቀትር ላይ ፀሐይ የመታው ብረት በእጅ አይነካም። ሙቀቱ በ25 ዲግሪ ሲጨምር 4 ሜትር የአሉሚኒየም ክንፍ 2.3 ሚሊሜትር ያህል ሲረዝም፣ በውስጡ ያለው የብረት ገመድ የሚረዝመው 1.2 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ገመዱ ይወጠራል። መመሪያዎች የገመድን ውጥረት ከሙቀቱ ጋር አያይዘው የሚሰጡት በዚህ ምክንያት ነው። ልኬቱም ጠዋት፣ ጥላ ውስጥ ቢሆን ይመረጣል።

ከሁሉም በላይ አቅጣጫውን መመርመር ያስፈልጋል። መሪው ወደ ግራ ሲያዘነብል የግራው አይለሮን መነሣት አለበት። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 የኤር አስታና አውሮፕላን ፖርቱጋል ውስጥ ከጥገና ሲወጣ የአይለሮን ገመዶቹ ተዛብተው ተገጥመው ነበር። አብራሪዎቹ ከብዙ ትግል በኋላ ቤጃ ላይ አሳረፉት፤ የሞተ ሰው አልነበረም። ይህ የደረሰው ባለሙያዎች በሞሉበት ድርጅት ከሆነ፣ በቤቱ የሚሠራ ሰው ምን ያህል መጠንቀቅ እንዳለበት ግልጽ ነው። እንግዲህ ገጣጣሚው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ሌላ ሰው መሪውን ይዞ፣ ሦስተኛው ክንፉ ዘንድ ቆሞ፣ ያየውን ጮክ ብሎ ይናገር። ይህ ምርመራ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም።