ስድስተኛዋ ጣት ከየት መጣች?

የመጀመሪያ ልጄን በወለድኩ በሦስተኛው ቀን አክስቴ የሕፃኗን ግራ እጅ ከመጠቅለያው አውጥታ ዝም ብላ አየችው። ከትንሿ ጣት ጎን በቀጭን ቆዳ የተንጠለጠለች፣ ባቄላ የምታክል፣ ጥፍር እንኳ ያላት ስድስተኛ ጣት ነበረች። አክስቴ ጠያቂዎቹ እንዳይሰሙ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እርጉዝ ሳለሽ አምሮሽ ሳታገኚው የቀረ ነገር ነበር?» አለችኝ።

አራስ ጥየቃ ሄደው የሚያውቁ ከሆነ ይህን ጥያቄ ሳይሰሙት አይቀሩም። በክፋት የሚጠየቅ አይደለም። ግን አንዲት እናት ሌሊት እያጠባች ዘጠኙን ወር ወደ ኋላ እንድትቆጥር ያደርጋታል። እኔም ቆጠርኩ። በአምስተኛው ወር አምሮኝ የቀረ የዓሣ ጥብስ፣ በስድስተኛው ወር ለአንድ የምርት ማስተዋወቂያ ዝግጅት ያመሸሁባቸው ቀናት፣ ደረጃ ላይ ያዳለጠኝ ጠዋት፤ አንዱንም አልተውኩም።

መልሱን ያገኘሁት ከአራት ዓመት በኋላ ነው፤ ያመጣችልኝም ታናሽ እህቴ ናት። እህቴ አሜሪካ ውስጥ በባዮሎጂ ሦስተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። አንድ ክረምት (እዚህ ክረምት፣ እዚያ በጋ መሆኑ ነው) ዉድስ ሆል በምትባል የማሳቹሴትስ የባሕር ዳር መንደር የስድስት ሳምንት ትምህርት ገባች። መንደሯ ውስጥ በ1888 የተመሠረተ የባሕር ባዮሎጂ ቤተ ሙከራ አለ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የሽል እድገት የበጋ ትምህርቱ በ1893 ተጀምሮ እስከ ዛሬ ዘልቋል። ተማሪዎቹ ጠዋት ንግግር ሰምተው ከዚያ እስከ እኩለ ሌሊትና ከዚያም በላይ ማይክሮስኮፕ ላይ ያጎነብሳሉ። የባሕር ጃርት፣ ስኩዊድ፣ ትል፣ ዓሣ፣ የዶሮ እንቁላል፤ ያልተመለከቱት ሽል የለም።

የሚማሩት ሁለት ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገው ነው። አንዲት የተፀነሰች እንቁላል እንዴት ሙሉ አካል ትሆናለች? ደግሞስ የእንስሳት አካል በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ እንዴት ተለዋወጠ? አንዱን ነገር ከጂን ይጀምሩና ወደ ሴል፣ ከሴል ወደ ክንፍና እጅ፣ ከእጅ ደግሞ ድንጋይ ውስጥ ወደ ቀረ አጥንት እየተሸጋገሩ ያዩታል። ዝግመተ ለውጥ የሚለው ቃል እኛ ቤት ምሳ ላይ ከተነሳ ወጡ እስኪቀዘቅዝ ያከራክራል። ክርክሩን እዚህ ልፈታው አልሞክርም፤ እኔን የያዘኝ የጣቷ ጉዳይ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልነግርዎት አላልፍም። ከ1909 ጀምሮ በየበጋው ወደዚህች መንደር ይመላለሱ ከነበሩት ተመራማሪዎች አንዱ ኧርነስት ኤቨረት ጀስት የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ዋሽንግተን ላሉ ሐበሾች በቅርብ በሚታወቀው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። በባሕር እንስሳት እንቁላል ላይ በሠራው ሥራ ስሙ አውሮፓ ድረስ ቢሰማም፣ በቀለሙ ምክንያት ታላላቆቹ የነጭ ዩኒቨርሲቲዎች በር አልከፈቱለትም። በ1941 ሞተ። በ1996 ምስሉ በአሜሪካ ቴምብር ላይ ወጣ። እህቴ ይህን ስትነግረኝ ድምጿ ተለወጠ፤ እኔም ምክንያቱን አልጠየቅኋትም።

ወደ እንቁላሉ እንመለስ። አንድ ሌሊት እህቴ በቪዲዮ ደውላ ማስፈልፈያ ውስጥ ሦስት ቀን የቆየ የዶሮ እንቁላል አሳየችኝ። ቅርፊቱ ላይ ትንሽ መስኮት ተቆርጧል። በአስኳሉ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ ቀያይ የደም ሥሮች፣ መሐል ላይ ደግሞ የምትመታ ነጥብ ይታያል። «ይቺ ልቡ ናት» አለችኝ። ከጎኑ ብቅ ያለችው እብጠት ነገ ክንፍ ትሆናለች። መስኮቱ በፕላስተር ከተዘጋ እንቁላሉ ወደ ሙቀቱ ተመልሶ ማደጉን ይቀጥላል። እኔ ለበዓል ዶሮ ወጥ እየሠራሁ ስንት እንቁላል ቀቅያለሁ፤ እንዲህ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

በ1968 ጆን ሳንደርስና ሜሪ ጋስሊንግ የተባሉ ተመራማሪዎች በዚህች እብጠት ላይ አስገራሚ ነገር መሥራታቸውን አስነበቡ። ከኋለኛው ጠርዟ፣ በእኛ እጅ ቢሆን በትንሿ ጣት ወገን ካለው ማለት ነው፣ ጥቂት ሴሎች ወስደው በተቃራኒው፣ በአውራ ጣቱ ወገን ተከሉ። ሦስት ጣት ብቻ የሚኖረው ክንፍ፣ መስታወት ፊት እንደቆመ ሰው፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ ድርብ ጣቶች አበቀለ። እነዚያ ጥቂት ሴሎች ለጎረቤቶቻቸው «እዚህ ይህኛው ጣት ይሁን፣ እዚያ ያኛው» የሚል መልእክት ይልኩ ነበር ማለት ነው።

መልእክቱ ምን እንደሆነ የታወቀው በ1993 ነው። ሶኒክ ሄጅሆግ የሚባል ፕሮቲን ነው። አዎ፣ ልጆች በጨዋታ በሚያውቁት ሰማያዊ ጃርት ስም የተሰየመ። ለአንድ ምርት ስም ለማውጣት እኛ መሥሪያ ቤት ስንት ስብሰባ እንደምንቀመጥ ሳስብ ቀናሁ። ኋላ ግን ሐኪሞች ልጁ ለታመመበት ወላጅ ይህን ስም መናገር እንደሚከብዳቸው ስሰማ፣ ስብሰባውም ጥቅም አለው አልኩ።

የእኛም እጅ የሚሠራው በዚሁ መልእክት ነው። ጽንስ ከተፈጠረ አራት ሳምንት ገደማ ሲሞላው የእጅ እምቡጥ ብቅ ይላል። መጀመሪያ እንደ ጭልፋ ጠፍጣፋ ነው። ከዚያ በጣቶቹ መካከል ያሉት ሴሎች ይሞታሉ፣ ጣቶቹም ይለያያሉ። በዳክዬ እግር ላይ እነዚያ ሴሎች እንዳይሞቱ የሚከላከል ሌላ መልእክት ስላለ በጣቶቹ መካከል ቆዳው ይቀራል፤ ትዋኝበታለች። በሰው ልጅ ግን ስምንተኛው ሳምንት ሲያልቅ ጣቶቹ ተለያይተው አልቀዋል። ሐኪምዎ እርግዝናን የሚቆጥረው ከመጨረሻው የወር አበባ ስለሆነ እርሱ አሥረኛ ሳምንት ይለዋል።

ይህን ስትነግረኝ ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ። ዓሣው ያማረኝ በአምስተኛው ወር ነው። ያመሸሁት በስድስተኛው። የልጄ ጣቶች ያን ጊዜ ተቆጥረው ካለቁ ወራት አልፈዋል። (ይህ ግን በእርግዝና መጀመሪያ ጥንቃቄ አያስፈልግም ማለት አይደለም። የአካል ክፍሎች የሚሠሩት ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሆነ፣ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ለማርገዝ ሲያስቡ ጀምረው ሐኪም ያማክሩ።)

ታዲያ ከየት መጣች? እህቴ ነገሩን ከድመት ጀመረችልኝ። ፍሎሪዳ ውስጥ ኪ ዌስት በምትባለው ደሴት፣ ደራሲው ኧርነስት ሄሚንግዌይ ይኖርበት በነበረው ቤት፣ ብዙዎቹ ድመቶች ትርፍ ጣት አላቸው። ምክንያቱ በሶኒክ ሄጅሆግ ማብሪያ ማጥፊያ ላይ የተለወጠች አንዲት ፊደል ናት። ይህ ማብሪያ ማጥፊያ ከራሱ ከጂኑ አንድ ሚሊዮን ያህል የዘረመል ፊደላት ርቆ ይገኛል። ያው ማብሪያ ማጥፊያ በእባቦች ላይ ተበላሽቷል። ተመራማሪዎች የአይጥን አውጥተው የእባብን ሲተኩበት አይጦቹ እግራቸው እጅግ አጥሮ ተወለዱ። በሰው ላይ እዚህ ቦታ የሚደርስ ለውጥ ትርፍ ጣት የሚያበቅለው በአውራ ጣት በኩል ነው። እንደ ልጄ በትንሿ ጣት በኩል የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከሌሎች ጂኖች የሚመጣ፣ በዘር የሚተላለፍ ነው፤ የአፍሪካ ዝርያ ባለን ሰዎች ዘንድ ከሌላው በርከት ብሎ ይታያል።

አምስት ቁጥርም ቢሆን ከጥንት ከጠዋቱ የነበረ አይደለም። ግሪንላንድ ውስጥ የተገኘው አካንቶስቴጋ የሚባል እንስሳ፣ ከ360 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ እግር ካበቀሉት የመጀመሪያዎቹ አንዱ፣ በፊት እግሩ ስምንት ጣት ነበረው። ልጄ ይህን ስትሰማ «ቀለበት ብዙ ያደርጋላ!» ነው ያለችው።

እህቴ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት፣ «የአባቷን እጅ አይተሽዋል?» አለችኝ።

ያላወራሁት ነገር አለ። ልጄ በተወለደች በአምስተኛው ቀን ከእንቅልፌ ስነቃ ስድስተኛዋ ጣት በጥቁር ክር ተጠፍራ አገኘኋት። ያሰረችው አማቴ ናት፣ ማንንም ሳታማክር። ጣቷ ጠቁራ ወደቀች፤ ቦታው ግን መግል ቋጠረ፣ ሕፃኗ አተኮሰች፣ ሐኪም ቤት ሦስት ቀን ተኛን። እስከ ዛሬ ጠጣር እብጠት አለባት፤ በር ላይ ስትጋጭ በጣም ያማታል። አራት ዓመት ሙሉ አማቴን በአክብሮት አስተናግጄ በልቤ ግን ቂም ይዤባት ነበር።

ያን ሌሊት የተኛውን ባለቤቴን እጅ በስልክ መብራት አየሁት። በግራ ትንሿ ጣቱ ጎን ነጭ፣ ሰሊጥ የምታክል ጠባሳ አለች። ቀሰቀስኩት። «ልጅ ሆኜ ወድቄ ነው መሰለኝ» አለ።

እሑድ ቡና ላይ ጠየቅናት። አማቴ ሲኒውን አስቀመጠችና ሁለቱንም እጆቿን ዘረጋች። በሁለቱም ላይ ጠባሳው አለ። «እኔን እናቴ አሰረችኝ፣ እርሱን እኔ» አለች። ለምን እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት አንገቷን ደፋች። ስትዳር፣ ዘሯ ችግር አለበት እንዳይባል፣ ለባሏም ሳይቀር ደብቃለች። የእኔ ቤተሰብም እንዲሁ እንዳይል ፈርታ፣ ሰው ሁሉ ሳያይ ጣቷን ልታጠፋት ቸኮለች። እኔ አምሮቴን ስቆጥር በነበረበት ሌሊት እርሷ ክር ትፈልግ ነበር።

ልጅዎ ወይም የቅርብ ዘመድዎ ልጅ ትርፍ ጣት ይዞ ቢወለድ እባክዎን ክሩን ያቆዩት። ቤት ውስጥ ማሰር ቁስለት፣ መድማትና እንደ ልጄ የሚያም እብጠት ሊያስከትል ይችላል። አጥንት የሌላት፣ በቆዳ ብቻ የተንጠለጠለች ከሆነች ሐኪም በአጭር ጊዜ ያስወግዳታል። አጥንት ካላት ወይም በአውራ ጣት በኩል ከሆነች ቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ ይይዛል። ብዙውን ጊዜ ጣቷ ብቻዋን የመጣች ናት፤ አልፎ አልፎ ግን ከሌላ ችግር ጋር ስለምትመጣ የሕፃናት ሐኪም መላ ሰውነቱን ይመርምር። ሐኪሙ «ከቤተሰብ ያለበት ሰው አለ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ አያቶችን አስቀድመው ይጠይቁ። ጂኑን ይዞ ምንም ምልክት የማያሳይ ሰውም ስላለ፣ አንድ ትውልድ ቢዘል አይገረሙ።

ያን እሑድ ልጄ የአያቷን እጅ ወረቀት ላይ አስቀምጣ በእርሳስ ዙሪያውን አሰመረች። የአባቷንም፣ የራሷንም እንዲሁ። ከዚያ ለሦስቱም አንዳንድ ትንንሽ ጣት ጨመረችላቸውና ጥፍራቸውን ቀይ ቀለም ቀባች። አማቴ ረጅም ጊዜ አየችው። ስትሄድ ወረቀቱን አራት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።