«ኡትሩጃ» ብርቱካን ነው ወይስ ትርንጎ? የጥንት የዕፅዋት ሥዕሎች ምን ይነግሩናል?



አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትንና ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲስ ብዙዎቻችን በደርስ ላይ ሰምተነዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቁርኣን የሚቀራን ሙእሚን ጣዕሙም ሽታውም ባማረ «ኡትሩጃ» በሚባል ፍሬ መስለውታል። የማይቀራውን ሙእሚን ደግሞ ጣዕም እንጂ ሽታ በሌለው ተምር መስለውታል። ተምሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ኡትሩጃን ግን አንዳንድ ትርጉሞች «ብርቱካን» ሲሉት ሌሎች «ትርንጎ» ይሉታል። ትክክሉ የትኛው ነው?

ታሪክ ምን ይላል?

በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖሩት የታሪክ ጸሐፊ አል-መስዑዲ እንደጻፉት፣ ናረንጅ (ኮምጣጣው ብርቱካን) ከህንድ የመጣው ከ300 ዓመተ ሂጅራ በኋላ ነው። መጀመሪያ በዑማን ተተከለ፤ ከዚያ ወደ በስራ፣ ወደ ሻምና ወደ ግብጽ ተዛመተ። ጣፋጩ ብርቱካን ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ፣ በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሜዲትራኒያን አካባቢ ተስፋፋ። በንግዱ ፖርቱጋሎች ስለታወቁበት ዐረቦች «ቡርቱቃል» አሉት፤ የእኛም «ብርቱካን» ከዚሁ ነው።

ስለዚህ ሶሓቦች ያውቁት የነበረው ኡትሩጃ ብርቱካን ሊሆን አይችልም፤ ትርንጎ ነው። «ትርንጎ» የሚለው የአማርኛ ቃል ራሱ ከኡትሩጅ ሌላ አጠራር ከሆነው «ቱሩንጅ» ጋር ይዛመዳል። ምሳሌውም ይበልጥ ይገባናል፤ ትርንጎ ቢሰነጠቅ ውሃ ያዘለው ክፍል ጥቂት ሲሆን አብዛኛው ወፍራም ነጭ ልጣጭ ነው። ያ ልጣጭ ይበላል፤ ከላይ ያለው ቢጫ ቅርፊት ደግሞ ቤት የሚያውድ ሽታ አለው።

ስም ብቻውን ለምን አይበቃም?

እዚህ ላይ የተሳሳተው የፍሬ ስም ብቻ ነው። ነገሩ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ግን ስህተቱ ሕይወት ያጠፋ ነበር። የጥንት ሐኪሞችን ያስጨነቃቸውም ይኸው ነው። የግሪካዊው ሐኪም የዲዮስኮሪደስ የመድኃኒት ዕፅዋት መጽሐፍ (ትርንጎም ተጠቅሶበታል) በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ በኢስጢፋን ኢብኑ በሲል ተተርጉሞ በሑነይን ኢብኑ ኢስሓቅ ታረመ። ሆኖም ተርጓሚው የዐረብኛ አቻ ያላገኘላቸውን ዕፅዋት ስማቸውን በግሪክኛው እንዳለ ተዋቸው። አንባቢው ስሙን ያነባል፤ ተክሉን ግን አያውቀውም።

መፍትሔው ሥዕል ነበር። የቢዛንታይን ንጉሥ የመጽሐፉን ባለ ሥዕል የግሪክኛ ቅጂ ለኮርዶባው ኸሊፋ ለሣልሳዊ ዐብዱረሕማን ላከላቸው። ከዚያም በ951 እ.ኤ.አ. ኒኮላስ የተባለ መነኩሴ መጥቶ ከከተማው ሐኪሞች ጋር ሆኖ ዕፅዋቱን አንድ በአንድ ለየ። በ475 ዓመተ ሂጅራ (1083 እ.ኤ.አ.) የተገለበጠ ባለ ሥዕል የዐረብኛ ቅጂ ዛሬም በሆላንድ፣ በላይደን ዩኒቨርሲቲ ይገኛል።

ሥዕልም ግን ችግር አለበት። ገልባጩ ተክሉን ሳያይ ከሌላ ቅጂ ላይ ብቻ ሲቀዳ፣ ቅጠሉ ከቅጂ ወደ ቅጂ እየተለወጠ ወደ ጌጥነት ይጠጋል። ይህን የፈቱት በ639 ዓመተ ሂጅራ አካባቢ የሞቱት ሐኪም ረሺዱዲን አስ-ሱሪ ናቸው። ኢብኑ አቢ ኡሰይቢዓ እንደዘገቡት፣ ሠዓሊውን ከነቀለሙ ይዘው ዕፅዋቱ ወደሚበቅሉበት፣ ወደ ሊባኖስ ተራራና ወደ ሌሎች ቦታዎች ይወጡ ነበር። ሠዓሊው ቀለሙን፣ የቅጠሉን መጠን፣ ቅርንጫፉንና ሥሩን አስተውሎ ይስላል። አንዱን ተክልም ሦስት ጊዜ ይስለዋል፤ ለጋ ሳለ፣ አድጎ ዘር ሲይዝና ከደረቀ በኋላ። ምክንያቱም መድኃኒት ፈላጊው ተክሉን በየትኛው ዕድሜው እንደሚያገኘው አይታወቅም። መጽሐፉ ራሱ አልተረፈም፤ ዘዴው ግን በጽሑፍ ደርሶናል።

የትርንጎ ዘመዶች በሥዕል

በአውሮፓም የትርንጎን ቤተሰብ ለመለየት የተሄደበት መንገድ ተመሳሳይ ነው። በሮም የዕብራይስጥ መምህር የነበረው ጆቫኒ ባቲስታ ፌራሪ በ1646 «ሄስፔሪደስ» የተባለ መጽሐፉን አሳተመ። ፍሬዎቹን ትርንጎ፣ ሎሚና ብርቱካን ብሎ በሦስት መደባቸው። ሥዕሎቹ ፍሬውን በሙሉውም ተቆርጦም ያሳያሉ። ብልሃቱ መቁረጡ ላይ ነው፤ ከውጭ ሲታዩ የሚመሳሰሉ ትርንጎና ሎሚ ሲቆረጡ በልጣጫቸው ውፍረት ይለያሉ። በ1818 እና በ1822 መካከል ደግሞ ሪሶና ፖይቶ በፓሪስ 109 ባለ ቀለም ሥዕሎች ያሉት መጽሐፍ አወጡ።

እነዚህ ሠዓሊዎች ከሁለት ወገን የተቀላቀሉ የሚመስሉ እንግዳ ፍሬዎችንም ሳሉ። ዛሬ የዘረመል ጥናት ምክንያቱን ያስረዳል፤ ትርንጎ ከቀዳሚዎቹ ዝርያዎች አንዱ ሲሆን ሎሚ የሚባለው ትልቁ ቢጫ ፍሬ ግን ከትርንጎና ከኮምጣጣው ብርቱካን የተዳቀለ ነው።

እኛስ?

ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) በሥዕል ለሚተዳደር ሰው ዛፍንና ሩሕ የሌለውን ነገር እንዲስል መምከራቸው በሐዲስ ተዘግቧል። የባዮሎጂ፣ የፋርማሲና የግብርና ተማሪዎች የሆናችሁ፣ ይህ በር ክፍት ነው። አንድ ተክል ምረጡ፤ ስሙን በምታውቁት ቋንቋ ሁሉ ጻፉ፤ ከዚያ ለጋውን፣ የበሰለውንና የደረቀውን ሳሉ። በየአካባቢው በተለያየ ስም የሚጠራ የመድኃኒት ተክል ባለበት አገር ይህ ትርፍ ሥራ አይደለም።

በሚቀጥለው ጊዜ ሐዲሱን ስትሰሙም ትርንጎን አስቡ። አላህ ጣዕማቸውም ሽታቸውም ካማረው ያድርገን። ወላሁ አዕለም።