ይህን ኪኒን እየዋጥኩ ማጥባት እችላለሁ?

ለሚያጠቡ እናቶች የተሠሩ የስልክ መተግበሪያዎች ቁጥር ስፍር የላቸውም። አብዛኞቹ ግን ሥራቸው አንድ ነው፤ ይቆጥራሉ። ሕፃኑ ግራውን ስንት ደቂቃ ጠባ፣ ቀኙን ስንት፣ ስንቴ ሸና፣ ስንት ሰዓት ተኛ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህ ጥቅም የለውም አይባልም። አዲስ የተወለደ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባቱ፣ ከአምስተኛው ቀን ወዲያ ደግሞ በቀን ቢያንስ 6 ዳይፐር ማርጠቡ ወተቱ እንደሚበቃው ምልክት ነው፤ እንቅልፍ ያጣች አራስ ይህን ሁሉ በቃሏ ትያዝ ማለት ግፍ ነው። ልጁ ክብደቱን ጨምሮ፣ ጉንጩ ሞልቶ ሳለ ግን "ዛሬ በሁለት ደቂቃ ጎደለ" የሚል ስልክ ከማስጨነቅ በቀር የሚፈይደው ነገር አይታየኝም።

እኔ ላስተዋውቅ የፈለግሁት ሌላውን ዓይነት ነው፤ የመድኃኒት ስም ሲጻፍለት "ማጥባት ትችያለሽ" ወይም "ተጠንቀቂ" የሚለውን።

ጥርሷን ያስነቀለች፣ ቶንሲል የያዛት፣ በቀዶ ጥገና የተገላገለች እናት ሁሉ ይህን መጠየቋ አይቀርም። ብዙ ጊዜ የምታገኘው መልስ "ለማንኛውም ጡት አቁሚ" ነው። በካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀትም ከዚህ የተሻለ አይናገርም፤ አምራቹ ራሱን ከተጠያቂነት ለማዳን ሁሉንም ይከለክላል። ጣጣው የሚተርፈው ለእናትና ለልጅ ነው። ለአንድ ሳምንት ተብሎ የቆመ ጡት ሊደርቅ ይችላል፣ ጡጦ የለመደ ሕፃንም አልመለስም ሊል ይችላል። ንጹሕ ውኃ በሌለበት ቤት ደግሞ በጥብጦ የሚሰጠው የዱቄት ወተት ከተፈራው ኪኒን የባሰ አደጋ ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ከተነሱት ሁለቱ በደንብ ይታወቃሉ። ኢ-ላክታንሲያ በ2002 እ.ኤ.አ. (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በስፔን ዴኒያ ከተማ፣ በሆስፒታል የሕፃናት ሐኪም በነበሩት በሆሴ ማሪያ ፓሪሲዮና በባልደረቦቻቸው ተጀመረ። ላክትሜድ ደግሞ በ2006 በአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ሥር ወጣ፤ ያደራጁት ፊሊፕ አንደርሰን የሚባሉ ፋርማሲስት ናቸው። ሁለቱም ነፃ ናቸው። ላክትሜድ ለብቻው የሚጫን መተግበሪያ ነበረው፤ እሱ ቀርቶ ዛሬ በስልክ ብራውዘር ይከፈታል። ለሐኪም የተጻፈ ስለሆነ ንባቡ ይከብዳል። ኢ-ላክታንሲያ ግን እንደ ትራፊክ መብራት በቀለም ይመልሳል፦ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ። "አይቡፕሮፌን" ብላችሁ ስትጽፉ አረንጓዴ ይወጣል፤ ከሥሩ ምክንያቱና የተመሠረተባቸው ጥናቶች ይከተላሉ።

ከቀለሙ ጀርባ ያለው ስሌት ይህን ይመስላል። መድኃኒት ወደ ወተት የሚገባው ከእናትየው ደም ነው። ሞለኪዩሉ ግዙፍ ከሆነ ማለፉ ይከብደዋል። ከደም ፕሮቲን ጋር አጥብቆ የሚጣበቅ ከሆነም፣ እንደ አይቡፕሮፌን፣ ወደ ወተቱ የሚሻገረው ጥቂት ነው። አንዳንዱ ቢያልፍ እንኳ የሕፃኑ አንጀት አይቀበለውም፤ ጄንታማይሲን በመርፌ የሚሰጠው ቢዋጥ ወደ ደም ስለማይገባ ነው። በመጨረሻ ሕፃኑ በወተት የሚደርሰው መጠን ከክብደቱ አንጻር ከእናትየው መጠን ጋር ይነጻጸራል። ከ10 በመቶ በታች ከሆነ በአብዛኛው አያሰጋም ይባላል፤ የአይቡፕሮፌን 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። በእንገሩ ቀናት ወተት በሚሠሩት ሴሎች መካከል ያለው ክፍተት ገና ስላልጠበበ መድኃኒት በቀላሉ ያልፋል፤ ነገር ግን እንገሩ ራሱ ጥቂት ስለሆነ ለሕፃኑ የሚደርሰው ብዙ አይደለም።

ስሌቱ የማይሠራበት ቦታም አለ፣ እኛን የሚነካንም ይሄ ነው። ኮዴይን የተባለው ማስታገሻ በጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን ይቀየራል። ትራማዶልም እንዲሁ ጉበት ውስጥ ጠንከር ወዳለ ነገር ይለወጣል። ሁለቱንም የሚቀይራቸው ሲዋይፒ 2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ሲሆን በአንዳንድ ሰዎች ላይ ከልክ በላይ ይፈጥናል። በ1996 የታተመ በኢትዮጵያውያን ላይ የተሠራ ጥናት የዚህ ኢንዛይም ዘረ መል ተባዝቶ የሚገኝባቸው ሰዎች 29 በመቶ እንደሆኑ አሳይቷል፤ በሰሜን አውሮፓ ይህ ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2017 የሚያጠቡ እናቶች ኮዴይንም ትራማዶልም እንዳይወስዱ አስጠንቅቋል። ቀለሙን የሚያወጣው ሰንጠረዥ የማን ጉበት እንደሚፈጥን ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ትራማዶል የታዘዘላት አራስ ቀለሙን አይታ ዝም ማለት የለባትም፤ ሌላ ማስታገሻ ይኖር እንደሆነ ትጠይቅ። ሕፃኑ ከወትሮው በላይ ካንቀላፋ፣ ለመጥባት ከደከመው ወይም ትንፋሹ ካነሰ ግን ነገ ሳይባል ወደ ሐኪም ነው።

መድኃኒት ብቻ አይደለም የሚጠየቀው። አብሽም አለበት። እኛ ዘንድ ለአራስ ወተት ይጨምራል ተብሎ የሚሰጠው አብሽ ላክትሜድ ውስጥ የራሱ ገጽ አለው፤ ማስረጃው ግን እናቶቻችን እንደሚያምኑበት ጠንካራ አይደለም። በብዛት ከተወሰደ የደም ስኳር ሊቀንስ ይችላል፤ ለስኳር ሕመምተኛ እናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ውጭ አገር ለምትወልድ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። አብሽ የወሰደች እናት ልጅ ሽንቱ እንደ መፕል ሲረፕ ሊሸት ይችላል፤ በዚሁ ሽታ የሚታወቅ ከባድ የዘር በሽታ ስላለ ጨቅላው በስህተት ተጠርጥሮ ምርመራ የተጀመረበት አጋጣሚ በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግቧል። "አብሽ ጠጥቻለሁ" የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብዙ ድንጋጤ ታስቀር ነበር። ጫትም ተመርምሯል፤ በየመን አጥቢ እናቶች ላይ በተሠራ ጥናት ከጫት የሚገኝ ንጥረ ነገር በወተታቸው ውስጥ ተገኝቷል።

ትልቁ ችግር ቋንቋው ነው። ላክትሜድ በእንግሊዝኛ፣ ኢ-ላክታንሲያ በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ ነው የሚነበቡት። ይህ ሊቀረፍ እንደሚችል ደቡብ አፍሪካ አሳይታለች። ሞምኮኔክት የተባለው የመንግሥት አገልግሎት በነሐሴ 2014 ሲጀመር ዘመናዊ ስልክም አልጠየቀም፤ ነፍሰ ጡሯ ክሊኒክ ውስጥ በአጭር ኮድ ተመዝግባ በአገሪቱ ቋንቋዎች የጽሑፍ መልእክት ይደርሳት ጀመር፣ መልሳም መጠየቅና ስለ ክሊኒኩ አቤት ማለት ትችላለች። በአማርኛ እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር መጀመሪያ ልጭንበት የምፈልገው የመድኃኒቱን ሰንጠረዥ ነው።

እስከዚያው ላሉት ሁለት ነገር ይታወቅ። ለፍለጋው በካርቶኑ ላይ በጉልህ ከተጻፈው የንግድ ስም ይልቅ ከሥሩ በደቃቁ የተጻፈው ጀነሪክ ስም ይመረጣል። የልጁ ዕድሜም ከቀለሙ እኩል ይመዘናል። አንደርሰንና ባልደረቦቹ በጡት ወተት በኩል በመድኃኒት ሳይጎዱ አልቀሩም የተባሉ 100 ሕፃናትን ታሪክ ሲመረምሩ 78ቱ ዕድሜያቸው ከሁለት ወር በታች ሆኖ አግኝተውታል፤ ከስድስት ወር በላይ የሆኑት 4 ብቻ ነበሩ። ቀይ ወይም ብርቱካናማ ቢወጣ ኢ-ላክታንሲያ ሊተኩት የሚችሉ መድኃኒቶችን አብሮ ያቀርባል፤ ስልኩን ሐኪሙ ፊት ከፍቶ ማሳየት የሚያዋጣው ይሄኔ ነው።