ለአያቴ ስንት ሰዓት ላይ ልደውል?

ልጆች፣ ይህቺን ገጽ ከእናትና ከአባታችሁ ጋር ሆናችሁ አንብቧት። አዲስ አበባ ላለችው አያታችሁ ስትደውሉ ከእንቅልፏ ቀስቅሳችኋት አታውቁም? አባባ በጣቱ ሲቆጥር፣ እማማ «ኧረ ሌሊት ነው!» ስትል... ይህን ሂሳብ አንድ ጊዜ ለኮምፒውተር እናስተምረውና እንገላገል።

እማማ «ቡና አፍሉ» ስትል፣ እጠቡ፣ ቁሉ፣ ውቀጡ፣ ጀበናውን ጣዱ ብላ አትዘረዝርም። ስሙ ብቻ ይበቃል። በኮምፒውተር ቋንቋ እንዲህ በስም የሚጠራ ሥራ ፈንክሽን ይባላል። ዝርዝሩን አንዴ ትጽፉታላችሁ፤ ከዚያ በስሙ እየጠራችሁ ታሠሩታላችሁ።

መጀመሪያ ሂሳቡ። ከማርች እስከ ኖቬምበር አዲስ አበባ ሲያትልን በ10 ሰዓት ትቀድማለች። የሀገራችን ሰዓት አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ በ6 ይለያል። ከ10 ላይ 6 ሲቀነስ 4 ይቀራል። እንግዲህ በሲያትል ሰዓት ላይ 4 ደምሩ፤ ከ12 ከበለጠ 12 ቀንሱ። አለቀ!

በፓይተን ቋንቋ እንዲህ ይጻፋል፦

ዴፍ የአያቴ_ሰዓት(ሰዓት, ጭማሪ):
    መልስ = ሰዓት + ጭማሪ
    ኢፍ መልስ > 12:
        መልስ = መልስ - 12
    ሪተርን መልስ

ዴፍ፣ ኢፍ እና ሪተርን የሚሉትን ብቻ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፏቸው። ሌላውን ስም ፓይተን 3 በእኛው ፊደል ይቀበላል። «ዴፍ» ሥራውን ይሰይማል፤ በቅንፍ ያሉት እናንተ የምትሰጡት ናቸው፤ «ሪተርን» መልሱን ይዞላችሁ ይመጣል።

አሁን ጥሩት፦ የአያቴ_ሰዓት(8, 4)። መልሱ 12 ነው። ሲያትል ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ ፈረንጁ 8 በሚለው ጊዜ፣ እዚያ ጠዋት 12 ሰዓት ነው።

ኖቬምበር ላይ ሲያትል ሰዓቷን ወደ ኋላ ትመልሳለች፤ ኢትዮጵያ ግን አትቀይርም። ያኔ ልዩነቱ 11 ስለሚሆን በ4 ፋንታ 5 ስጡት፤ መልሱ 1 ይሆናል። ፈንክሽኑን መንካት አያስፈልግም። ጥቅሙም ይኸው ነው።

አንድ ጉድለት ግን አለው። ጠዋት 8ም ማታ 8ም ብትሰጡት መልሱ ያው 12 ነው፤ ቀን ይሁን ሌሊት አይናገርም። ይህን የሚለይ ሦስተኛ ነገር በቅንፉ ውስጥ ጨምሩለት። የቤት ሥራችሁ ይኸው ነው።

ገና ትንንሽ ለሆናችሁ ደግሞ ስክራች የተባለው ነፃ ፕሮግራም በአማርኛም አለ። «የአያቴ ሰዓት» የሚል የራሳችሁን ብሎክ መሥራት ትችላላችሁ። ወላጆች፣ ኮድ ባታውቁም ሰዓቱን ታውቃላችሁና አጠገባቸው ተቀመጡ። ሲያልቅ አብራችሁ ደውሉ፤ አያትም ነቅታ ታነሳለች።