አሪቲንና የደጋ ወፎችን በፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

በየቤታችሁ ግድግዳ የተሰቀለውን ፎቶግራፍ ብትመለከቱ አባትና እናት፤ ሙሽራና ሚዜ፤ ሽልማት የተቀበለ ሹም፤ ፈረሱን የያዘ ጌታ ይገኝበታል። ከአጥር ሥር የበቀለና ቤተ ሰቡን ሁሉ ያገለገለ ቅጠል ግን ከነዚህ መካከል የለም። እኔም ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

አክስቴ በእንጅባራ አጠገብ ሲኖሩ በጓሯቸው ሁለት ዐመድማ ቍጥቋጦዎች ጐን ለጐን በቅለው ነበር። ልጅ ሆዱን ሲያመው ከአንደኛው ቅጠል ይቀጥፋሉ፤ ሁለተኛውን ግን በበዓል ቀን ለሽታው ይቈርጡት ነበር እንጂ ለመድኃኒት አይነኩትም። አንድ ቀን ፎቶግራፍ ማንሻዬን ይዤ ብጠጋ፤ «ልጄ፤ የሰውን መልክ ትተህ ቅጠል ታነሣለህን? ይልቅስ ና ቡናህን ጠጣ» ብለው ሳቁብኝ። አነሣሁና ሄድሁ፤ ስማቸውን አልጠየቅሁም፤ አልጻፍሁምም። አክስቴ ካረፉና ጓሮው ቤት ከተሠራበት በኋላ ልጆቻቸው ሥዕሉን ሲያዩ አንዱ በስተ ቀኝ ያለው አሪቲ ነው አለ፤ ሌላው የለም እርሱ ጭቁኝ ነው አለ። ፎቶግራፍ ሽታ የለውምና ሊያስታርቃቸው አልቻለም። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለውን ቅጠል ለልጅ ቀጥፎ የሚሰጥ ከቤቱ አልተገኘም፤ ሳያውቁ አለመስጠታቸውም ደግ ነው።

አሪቲና ጭቁኝ የዕፀዋት ሊቃውንት አርቴሚዝያ ብለው ከሚጠሩት ከአንድ ወገን ናቸው። የዚሁ ወገን ዘመድ በምዕራብ አሜሪካ ደረቅ ምድር ዐይን እስኪታክት ድረስ ይበቅላል፤ መልኩ እንደ ዐመድ፤ የቅጠሉም ጫፍ በሦስት ጥርስ የተከፈለ ነው። ሽታው ሴጅ የሚባለውን የምግብ ማጣፈጫ ቅጠል ስለሚመስል የአገሩ ሰዎች ሴጅብራሽ አሉት እንጂ ከሴጅ ወገን አይደለም። በዚያ ቍጥቋጦ መካከል የቆቅ ዘመድ የሆነ ትልቅ ወፍ ይኖራል። በጸደይ ወራት ገና ሳይነጋ ወንዶቹ ከገላጣ ሜዳ ተሰብስበው ደረታቸውን እንደ ፊኛ ነፍተው በሴቶቹ ፊት ይንጐራደዳሉ። ፎቶግራፍ አንሺዎች በጨለማ መጥተው በትንሽ ድንኳን ይሸሸጋሉ፤ ወፎቹ ሳይበተኑም አይወጡም፤ አለዚያ የዚያን ዕለቱ ሠርግ ይፈርሳልና። ይህ ወፍ ክረምቱን የሚያልፈው የቍጥቋጦውን ቅጠል በልቶ ስለ ሆነ፤ ቍጥቋጦው በታረሰበትና በተቃጠለበት ስፍራ ወፉም ጠፍቷል። ስለዚህ ወፉን ብቻ ያነሣ ሰው የነገሩን እኩሌታ ትቶታል።

በእኛም አገር ዐመድማ ቅጠል በቀትር ፀሓይ ቢያነሡት ንጣት ብቻ ሆኖ ይወጣል፤ ጅማቱም አይታይም። ጧት በማለዳ ወይም ሰማዩ በደመና ሲሸፈን ማንሣት ይሻላል፤ ከበስተ ኋላውም ጥቍር ጨርቅ፤ ቢቸግር በርኖስም ቢሆን፤ መዘርጋት ነው። አንድ ሥዕል አይበቃም፤ ተክሉን በሙሉ፤ ቅጠሉን በፊቱና በጀርባው፤ ትንንሾቹንም አበቦች ቀርቦ ማንሣት ያስፈልጋል። ከጐኑ አንድ ሳንቲም ቢያኖሩ መጠኑ ይታወቃል።

ወፍ ግን ትዕግሥት ይሻል። በአዲስ አበባና በባሕር ዳር መንገድ ዳር፤ ከእንጅባራ አጠገብ፤ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛው ዘንገና ሐይቅ አለ። በዚያ ደጋ መስክ ላይ ማንቍሩ እንደ ማጭድ የቆለመመ፤ ከጕሮሮው ሥር ሥጋ የተንጠለጠለበት ወፍ በጩኸቱ ሰውን ይቀሰቅሳል። ፈረንጆች ኢቢስ ከሚሉት ወገን ሲሆን ይህ ዓይነቱ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በሌላ አገር አይኖርም። ሲነሣ በክንፉ ላይ ያለው ነጭ ምልክት ይገለጣልና ጣትን አዘጋጅቶ መጠበቅ ነው። በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1892 የወፍ ጎጆ ከነዕንቍላሉ በፎቶግራፍ ያነሡት ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን የተባሉ ወንድማማች፤ በኋላ ውስጡ ባዶ የሆነ በሬ ከቆዳ ሠርተው በሆዱ ተሸሽገው ወፍ ያነሡ ነበር። በአገው ምድር ይህን ያህል መድከም አያሻም፤ ከእረኛው ጋራ በእውነተኞቹ በሬዎች መካከል ቀስ ብሎ መሄድ ይበቃል። ወደ ጎጆ መጠጋት ግን ነውር ነው፤ እናቲቱ ከሸሸች ዕንቍላሉ ይቀዘቅዛል።

የዚህ አገር ወፍ ከተጻፈ ቈይቷል። ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ሮበርት ቺዝማን የጣናን ዳርና የዓባይን ሸለቆ እየዞረ ወፍ ሰብስቧል፤ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈውም መጽሐፍ በ1936 ታትሟል። በዚያን ዘመን ሊቃውንት ወፉን ለማወቅ ይገድሉት ነበር፤ የዛሬው የእጅ ስልክ ከዚህ ኀጢአት ያድናል። ከርሱም አስቀድሞ በ1770 ጄምስ ብሩስ ወደ ግሽ ዓባይ ሲወርድ ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ ኢጣሊያዊ ሠዓሊ አብሮት ነበረ። ኮሶን የመሰሉትን ዕፀዋትና ወፎቹንም የሣለው እርሱ ሲሆን በ1771 በጎንደር ሞተ፤ ብሩስ ግን በ1790 ባወጣው መጽሐፍ ሥዕሉን ሁሉ የራሱ አስመሰለው። ከእንጅባራ ሌላ ስም አንዱ ኮሶ በር ነውና፤ የኮሶን ሥዕል ያየ የአገሩ ሰው የሠዓሊውን ስም ቢጠይቅ ተገቢ ነው።

እኔ አሁን ከእያንዳንዱ ሥዕል ጀርባ የተክሉን ስም በአማርኛና በአውኚ፤ ቦታውን፤ ቀኑን፤ ስሙንም የነገረኝን ሰው እጽፋለሁ። የአክስቴን ሥዕል ግን ባለፈው ዓመት ወደ ዳንግላ ወስጄ ቅጠል ለሚያውቁ አንዲት ባልቴት አሳየኋቸው። ሥዕሉን ወደ ዐይናቸው አቅርበው ብዙ ከተመለከቱ በኋላ መለሱልኝና፤ «ልጄ፤ ቅጠሉን አምጣልኝና ላሽትተው» አሉኝ።