ጣና ውስጥ ቫይረስ አለ?

አንድ ቀን ባሕር ዳር ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋር ስንወያይ አንድ ልጅ ከኋላ እጁን አውጥቶ "ጣና ውስጥ ቫይረስ አለ?" ሲል ጠየቀኝ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። "አለ፤ ያውም በጣም ብዙ" አልኩት። ሳቁ ቀጥ አለ።

እኛ አገር "ቫይረሱ አለባት" ከተባለ የትኛው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ኮሮና በ2012 ዓ.ም. እስኪመጣ ድረስ ቫይረስ ማለት ኤች አይ ቪ ብቻ ይመስለን ነበር። ነገር ግን ከሐይቅ በተቀዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ ውስጥ እንኳ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቫይረሶች አሉ። አብዛኞቹ የሚያጠቁት ባክቴሪያን እንጂ ሰውን አይደለም። ቫይረስ ብቻውን አይበላም፣ አይባዛም፤ የሚባዛው ሕያው ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ነው። ባክቴሪያው ሲፈነዳ በውስጡ የነበረው ንጥረ ነገር ወደ ውሃው ይመለሳል፤ አልጌ ይመገበዋል፣ አልጌውን ቀረሶ ይበላዋል፣ ቀረሶውን ደግሞ እናንተ ጠብሳችሁ!

ቫይረስ ያገኘውን ሁሉ አይዝም፤ እንደ ቁልፍና ጋን ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ከውጭ በመጡ ከብቶች የገባው የደስታ በሽታ ቫይረስ የገበሬውን በሬ ጨረሰ፣ እርሻው ጦም አደረ፣ "ክፉ ቀን" የተባለው ረሃብ መጣ። ሰው በረሃብ አለቀ እንጂ ቫይረሱስ ሰውን አይዝም። በክትባት ኃይል በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል።

የኤች አይ ቪም ጋን የታወቀ ነው፤ በሽታ የሚከላከሉልን የሰው ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። ሐይቅ ውስጥ የሚባዛበት ሕዋስ የለውም። በዋና፣ በአንድ ኩባያ በመጠጣት፣ በመተቃቀፍ አይተላለፍም። ጣና ላይ ስትዋኙ የሚያሰጋችሁ ቢልሃርዝያ ነው፤ እሱ ደግሞ ትል እንጂ ቫይረስ አይደለም።

የሚገርመው፣ ከዘረ መላችን 8 በመቶ ያህሉ የኤች አይ ቪ የሩቅ ዘመዶች ከሆኑ ጥንታዊ ቫይረሶች የተወረሰ ነው። እንግዴ ልጅ በማሕፀን እንዲሠራ ከሚረዱት ዘረ መሎች አንዱ ከነሱ የመጣ ነው። እነሱ ባይኖሩ እኛም እንዲህ ባልተወለድን ነበር!

ውይይቱ እንዳለቀ ልጁ ተከትሎኝ ወጣ። የልብ ጓደኛው ቫይረሱ በደሙ ውስጥ እንዳለ ከነገረው ወዲህ አብሮት መዋኘት አቁሟል።

"ከሱ አይዝህም፤ ይልቅ ቢልሃርዝያውን ፍራ" አልኩት። "ግን ሦስት ወር ሙሉ ምነው ጠፋህ ቢልህ ምን ትለዋለህ?"

አንገቱን ደፋ።