ስለ ምርጥ ምድጃ፤ ሞልድ የምንገዛበት ምክንያት



ከእናንተ መካከል አንዳንዶች «ዘመኑ የቴክኖሎጂ ነውና ለችግረኞች የሚሆን አዲስ መሣሪያ ገዝተን ብንልክላችሁስ?» እያላችሁ ጽፋችሁልናል። ስለ አሳባችሁ እናመሰግናለን። መልሳችንን በአንድ ምድጃ ታሪክ ልንገልጽላችሁ እንወዳለን።

በአቃቂ ቃሊቲ ከምንረዳቸው እናቶች ብዙዎቹ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት ሺሕ ዋት በላይ ስለሚፈልግ ኀይሉ ሲደክም አይግልም፤ መብራት ከጠፋም የተቦካው ሊጥ አይጠብቅም። ስለዚህ ምጣዱ ያላቸውም ቢሆኑ ወደ ሦስት ጉልቻ ይመለሳሉ። ጢሱ ዐይንና ሳንባ ይጎዳል፤ ማገዶውም የዕለቱን ትርፍ ይበላል።

ምርጥ ምድጃ የተሠራው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በማዕድንና ኢነርጂ ሚኒስቴር ሥር በነበረው የኢነርጂ ጥናትና ምርምር ማዕከል የወጣ ሲሆን፣ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከፑሚስ ይሠራል። አራት ገጣጣሚ ክፍሎች በምጣዱ ዙሪያ ይቆማሉ፤ እሳቱ ወደ ጎን ሳይባክን ምጣዱን ያግላል፤ የሚወጣውም ትኩስ ጢስ በስተኋላ የተጣደውን ድስት ያሞቃል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ሽቦም መስታወትም የለውም፤ ይሁን እንጂ ቴክኖሎጂ ማለት ይህም ነው።

የጀርመኑ ጂቲዜድ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ምድጃውን ሲያስፋፋ ትንንሽ አምራቾችን እያሠለጠነ በገበያ እንዲሸጡ አደረገ እንጂ ምድጃ በማደል ላይ አልተመሠረተም። እኛ ግን መጀመሪያ ይህን አልተከተልንም፤ የተሠራውን ገዝተን አደልን። ከወራት በኋላ አንዲት እናት ቤት ስንገባ አንደኛው ክፍል ተሰብሮ፣ ሦስቱ የዶሮ ቤት ግድግዳ ሆነው አገኘናቸው። እሳቱ በጉልቻው መካከል ይጨሳል። «ልጆቼ፣ አንዷን ብቻ የሚሸጥልኝ አጣሁ» አሉን። በእውነቱ ከሆነ አፈርን።

የነዳጁም ነገር እንዲሁ ነው። ጋያ የተባለው አገር በቀል ማኅበር በጅጅጋ አጠገብ በሚገኘው በቀብሪ በያህ የስደተኞች ጣቢያ በኤታኖል የሚነድ ምድጃ አስገብቷል። ጢስ የለውም፤ ሴቶችንም እንጨት ፍለጋ በየዱሩ ከመንከራተትና ከሚደርስባቸው ጥቃት ያድናል። መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ኤታኖሉ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚመጣ ነበርና እ.ኤ.አ. በ2008 ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ሲጀመር ምድጃውና መኪናው ከአንድ በርሜል ተጋሪዎች ሆኑ።

አሁን በስጦታችሁ የምንገዛው ሞልዱን፣ ይኸውም ሲሚንቶው የሚሞላበትን የብረት ቅርጽ ነው። ቃሊቲ የብረት ሠራተኛ የሞላበት ሰፈር ስለሆነ እዚያው ይበየዳል፤ ሲጣመምም እዚያው ይቃናል። ሞልዱ በሴቶች ቡድን እጅ ይቀመጣል፤ እነርሱም ሙሉ ምድጃ ይሸጣሉ፣ ለተሰበረበትም አንዷን ክፍል ለይተው ይሸጣሉ። መግዛት ለማይችሉት እናቶች በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እንዲከፍሉ ተስማምተዋል። አንዳንዶች ሳይከፍሉ ይቀራሉ፤ ይህንንም ልንደብቃችሁ አንፈልግም።

ከሁሉ የሚያስቸግረን ሲሚንቶ ነው። ዋጋው ሲጨምር ቡድኑ ሥራ ያቆማል። ቀድሞ የተሠራውም ቶሎ አይሸጥም፤ በጥላ ሥር ለቀናት ውኃ እየጠጣ መጠንከር አለበት፤ ተቻኩለው ያወጡት ይሰነጠቃል። ስለዚህ በዚህ ወቅት ከእናንተ የምንለምነው ቡድኑ ሳይቋረጥ የሚሠራበትን የሁለት ወር ሲሚንቶ ነው። ባለ ዶሮ ቤቷ እናት የጎደለቻቸውን ክፍል ባለፈው ሳምንት ገዝተው ወስደዋል።